የሚዋጋው በሬ ባለቤት

አንድ ሰው ነበረ። ታናሽ ወንድምህን በዱላ መትተህ መጥተህ «የኔታ፣ ይህን ክፉ ጠባይ ከውስጤ እንዴት ላውጣው?» ስላልከኝ ነው የምነግርህ። ይህን ጥያቄ ስሰማ ዕድሜዬ አለቀ፤ ደክሞኛል። ሳታቋርጠኝ ስማ።

ሰውየው ገበሬ ነው። ያለው አንድ በሬ ብቻ ስለሆነ፣ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር እያቀናጀ ያርስ ነበር። በሬው ጉልበተኛ ነው፤ ግን ይዋጋል። ገበሬውም ይህን ያውቃል፤ የበረቱን ግድግዳ በቀንዱ ሲቦረቡር ስንት ጊዜ አይቶታል። ነገር ግን ጎረቤቱ ከሰማ አብሮኝ አያርስም፣ መሬቴም ጦም ያድራል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ሰው በጠየቀው ቁጥር «የእኔ በሬ? እንደ በግ ነው» ይላል። ደጋግሞ ሲለው ራሱም አመነውና ማሰሩን ተወ።

አንድ ጠዋት ጎረቤቱ ቀንበር ሊጭንበት ሲጠጋ በሬው ጎኑን ወጋው። ሰውየው አልሞተም፤ ግን ክረምቱን ሙሉ ከአልጋ አልተነሳም፤ ቤተሰቡም በሰው እህል ከረመ።

ገበሬው በሬውን ሊያርድ ቢላዋ ሳለ። ከዚያ ያልታረሰውን የሁለት ቤት መሬት አየና ተወው። እሑድ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ መንገድ ላይ ቆመና «በሬዬ ይዋጋል። ድሮም ይዋጋ ነበር፤ አውቄ ነው የደበቅኋችሁ» አለ። ከማፈሩ የተነሳ ድምፁ በቅጡ አይሰማም ነበር።

ከዚያ ወዲያ የቀንዱን ጫፍ ቆረጠ፤ ጠዋትና ማታ ገመዱን እየዳሰሰ ያያል፤ ቀንበሩንም ከእርሱ በቀር ማንም አይጭንበትም። የጎረቤቱንም መሬት በዚያው በሬ አረሰለት። በሬው ጠባዩን ተወ? አልተወም። አንድ ቀን ገመዱን ሳያይ ቢቀር የራሱን የባለቤቱን ጭን ወግቶታል።

እንግዲህ ልጄ፣ በሬው ቁጣህ ነው። አንተ የጠየቅኸኝ ቢላዋ እንዳቀብልህ ነው፤ እኔ ዘንድ የለም። ይልቅ ሂድና ወንድምህን «ስቆጣ እጄን አላምነውም» በለው፤ ሚስትህም ትስማ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም ስትጠብቀው ትኖራለህ። ይሰለቻል፤ አልዋሽህም። እኔ ሰማንያ ሊሞላኝ ነው። ዛሬ ጠዋት እንቅልፌን አቋርጠህ ደጄን ስትደበድብ ልልህ የነበረውን ብትሰማ ኖሮ ወደ ቤትህ ትመለስ ነበር። ገመዱን አጥብቄ ይዤ ነው የከፈትሁልህ።