ሦስቱ የእናት ቀለሞች

አንድ ይርጋ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ያደገው በገጠር፣ ጨለም ባለች የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ያቺ ቤት ከሦስት ቀለም ሌላ አታውቅም። በየዓመቱ ጳጉሜ ስትገባ እናቱ ከወንዝ ማዶ ነጭ አፈር፣ ከጉብታው ሥር ቀይ አፈር ታመጣለች፤ ከሰልም ትወቅጣለች። ግድግዳውን በነጩ፣ መደቡን በቀዩ ትቀባና የበሩን ዙሪያ በከሰሉ ታጠቁረዋለች። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ያ የእርጥብ አፈር ሽታ ቤቱን ሲሞላው ይርጋ ከደስታው ብዛት መቀመጫ ያጣ ነበር። ዛሬም ትዝ ሲለው ሆዱ ይባባል።

ይርጋ ነግዶ ቀናውና በከተማ ትልቅ ቤት ሠራ። የጨርቅ ነጋዴ መቼም ቀለም አይጠግብም። መጋረጃው ወይን ጠጅ፣ ሶፋው አረንጓዴ፣ ምንጣፉ አበባ በአበባ ሆነ፤ አንዱ ግድግዳ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ። እንግዳ ገብቶ አፉን ይዞ ሲደነቅ ይርጋ ይኮራል። ከዚያ እናቱን ከገጠር አመጣት። አባቱ ከሞተ ወዲህ የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል። ቀሪ ዕድሜዋን አጠገቡ ሆና እንድታሳልፍ ነበር ምኞቱ።

እሷ ግን ከወንበሯ አልነሳ አለች። ስትነሳም ከሶፋው ጋር ትጋጫለች፤ በሩን ስትፈልግ መጋረጃውን ትጨብጣለች። ይርጋ ሲገባ ድምፁን ካላሰማ ቀና ብላ አታየውም። እንዲህ ሰነባበተችና አንድ ቀን፣ "ልጄ፣ ወደ ቤቴ መልሰኝ" አለችው።

"ምን ጎደለብሽ፣ እማዬ?"

"ኧረ ምን ይጎድላል፣ ሞልቶ ተርፎ! 'ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት' ሲባል ነበር የማውቀው፤ አንተ ግን ገበያውን ቤት አስገባኸው።"

ይርጋ ሳቀ፤ ሆዱ ግን አዘነ። ሄዳ ብቻዋን ብትወድቅ ማን ያነሳታል? የልጅነት ቤቱን ሲያስብ ከርሞ መላ ያገኘ መሰለው። ያንን ሁሉ መጋረጃና ምንጣፍ አወጣ። ቀለም ቀቢ ጠርቶም አንዱን ግድግዳ ነጭ፣ አንዱን ቀይ፣ አንዱን ጥቁር አስቀባ። እንዳይበላለጡ ብሎ ለሦስቱም እኩል እኩል ቦታ ሰጣቸው። ከዚያ እናቱን እጇን ይዞ አስገባትና፣ "ይኸው ቤትሽ!" አላት።

እናቱ ዓይኗን ጨፈን ከፈት እያደረገች ዞር ዞር አለች።

"ቀለሞቹስ የእኛው ናቸው። ግን ቤቱን እንደ ውርስ መሬት አካፈልካቸው። ሦስቱም አባወራ ልሁን ይላሉ።"

"አንቺ እንዴት ነበር የምታደርጊው?"

"ነጩን ቤቱን ሁሉ እሰጠዋለሁ። ቀዩን ለመደቡ ብቻ። ጥቁሩን ለበሩ ጠርዝ፣ ጥቂት።"

"እንዲያምር ነው?"

"ማማሩንስ ያምራል። እኔ ግን ሰው እንዲታየኝ ብዬ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚያ ጥቁር ጠርዝ መሃል ብቅ ትላለህ። ገብተህ ነጩን ግድግዳ ተደግፈህ ስትቆም መራብህን፣ ማልቀስህን ሳትነግረኝ አውቀው ነበር። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ አላየሁህም፣ ልጄ። ከአበባው ጋር ተደባልቀህ ጠፋህብኝ።"

ይርጋ እንባው መጣ። እናቱ ስትናፍቅ የከረመችው ገጠሩን ብቻ መስሎት ነበር፤ ለካ እሱንም ነው።

በማግስቱ እሷ እያዘዘችው ራሱ ቀባ። ግድግዳው ሁሉ ነጭ፣ የመቀመጫው ጨርቅ ቀይ፣ የበሩ ጠርዝ ጥቁር ሆነ። ሲጨርስ ወጣና ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። አንድም ቃል አልተነፈሰም። እናቱ ከቀዩ መቀመጫ ላይ ቀና አለች።

"ይርጋዬ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ?" አለችው።

ወደ ገጠር የመመለሱ ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ወዳጆቼ፣ ቤት ስናሳምርም ሆነ ልብስ ስንመርጥ ሦስት ቀለም ይበቃል፤ አንዱ ይንሰራፋ፣ አንዱ ይከተለው፣ አንዱ ጠብ ይበልበት። ቀለም ሰውን ሊያሳይ እንጂ ሊሸፍን አልተፈጠረም። ኑሯችንም እንዲሁ ነው፤ ሁሉን ካላስገባሁ ስንል የምንወደው ሰው ከመሃል ይጠፋል። እስቲ ቤታችሁን ዞር ብላችሁ እዩት፤ ከዕቃው ብዛት የተነሳ ሳይታይ የቀረ ማን አለ?