የእሳት ቁና

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ ሽማግሌው። የመድን ደንብ የሚያረቅቀው የእህታቸው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ብድሩን የሚያዘገይ ሰው የመኪናው መድን ቢወደድበት ምን ክፋት አለው?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

ገበሬው የሚኖረው ቤቱ ሁሉ ሣር ክዳን በሆነበት መንደር ነው። እዚያ የእሳት ዕድር አለ። ከአዝመራ በኋላ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቁና እህል ለጋራው ጎተራ ይሰፍራል፤ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ከዚያ ይቋቋማል። ገበሬው እሳት ይፈራል። ማድቤቱን ከቤቱ አርቆ ሠርቷል፤ ፍሙን ሳይዳፍን ተኝቶ አያውቅም።

አንድ ዓመት በረዶ ማሳውን መታበትና የዘር ብድሩን አዘገየ። የዕድሩ ዳኛ አዲስ ሕግ ያወጣው በዚያው ዓመት ነው።

«ብድሩን ያዘገየ ፍሙንም አይዳፍንም። ሦስት ቁና ስፈር» አለው።

«እስቲ ማድቤቴን እዩልኝ!»

«ምን ሊያደርግልን? አበዳሪህን ጠይቀናል።»

ከዕድሩ ቢወጣና ቤቱ ቢቃጠል ልጆቹ ሜዳ ላይ መቅረታቸው ነው። ከዘሩ ቀንሶ ሰፈረ። ዘሩ ሲያንስ ምርቱ አነሰ፤ ብድሩም እንደገና ዘገየ። በዓመቱ ስድስት ቁና ተባለ።

በዚያው መንደር ተበድሮ የማያውቅ ሀብታም ነበረ። ምድጃውን እንደነደደ ጥሎ ጠላ ቤት ይውላል። በአዲሱ ሕግ የሚሰፍረው ግማሽ ቁና ብቻ ነው። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ቤቱ ነደደ። ገበሬው ከሁሉ ቀድሞ ውሃ ተሸክሞ ሮጠ፤ ግን አመድ ብቻ ቀረ።

በማግስቱ ዳኛው ጎተራውን ሊከፍት ሲመጣ ገበሬው በሩ ላይ ተቀምጧል።

«ተነሥ እንጂ! የሰው ችግር ያስደስትሃል?»

«እነሣለሁ። መጀመሪያ ግን ሰው ሁሉ እየሰማ ንገረኝ። ይሄ ሰውዬ ለመጪው ዓመት ስንት ይሰፍራል?»

ዳኛው ምንም ሳያፍር «ግማሽ ቁና፤ ብድር የለበትማ!» አለ።

«እኔስ?»

«አንተማ ዕዳህ መች አለቀ? ዘጠኝ።»

ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ። ኋላ ግን እርስ በርሱ ተያየና የሚስቅ ጠፋ።

ሽማግሌው ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ።

«ምን ክፋት አለው አልከኝ? ያ ገበሬ ሰው ገጭቶ የማያውቀው ሾፌር ነው። በረዶ የመታውን ሰው አንተ ደግመህ ትመታዋለህ፤ ሰክሮ የሚነዳው ሀብታም ያጠፋውን ደግሞ በእሱ እህል ትጠግናለህ። ለእሳት የሚያስከፍል ምድጃ ይመልከት። ለመኪና የሚያስከፍል አነዳድ ይመልከት። የሰውን ድህነት አይቶ ጥፋት ነው ብሎ የሚሰፍርበት ግን ሌባ ነው። ደንብህ ላይ እንዲህ ብለህ ጻፍ፤ ሌባ ነው!»