በዝናብ መሐል የደረቀ በርበሬ

እኛ ቡሬዎች ሰው ለሰው ሲደርስ የምንላት አንዲት አባባል አለች። ከየት መጣች ለሚለኝ፣ የመጣችው ከይታይሽ በርበሬ ነው።

ይታይሽ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጇን ልትድር ቀን ቆርጣ፣ ለድግሱ የሚሆን እርጥብ በርበሬ ገዝታ ግቢዋ ውስጥ አሰጣች። የዚያ ዓመት ዝናብ ግን ያለ ጊዜው መጥቶ አላባራ አለ። ታወጣለች፣ ታስገባለች። ሳሎን ብትዘረጋው ደግሞ ይሻግት ጀመር። ሌላ የምትገዛበት አቅም የላትም።

ከአጥሩ ማዶ ጡረታ የወጡት ሾፌር ጋሼ አንለይ፣ በመብራት የሚሠራ የምግብ ማድረቂያ ማሽን አላቸው። ማንጎና ቲማቲም ያደርቁበታል። ይታይሽ «ለማንጎ ማሞቂያ የገዙ ሰው» እያለች ትስቅባቸው ስለነበር፣ ሄዳ መለመን አፈረች። እሳቸው ግን ስትንከራተት አይተዋት ኖሮ ራሳቸው መጡ።

«የሻገተውን ለይተሽ ጣይና ደህናውን ይዘሽ ነይ» አሏት።

«ጋሼ፣ በርበሬ እኮ ነው። ቤት አያስቀምጣችሁም።»

«እንወጣለታለና።»

እንዳሉትም ሆነ። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በየትሪው ላይ ሳይደራረብ ተዘረጋ። ማሽኑ ሲሞቅ ሽታው ጉሮሮ ያዘ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ መስኮቱን ሁሉ ከፍተው፣ ምድጃቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው፣ እያስነጠሱ ምሳ እዚያ ሠሩ።

ይታይሽ ተሳቀቀች። «ሙቀቱን ይጨምሩትና ቶሎ ይልቀቃችሁ» አለች።

«ከጨመርነው ይጠቁራል። የልጅሽ ወጥ መልኩ ይበላሻል። ተዪው፣ በልኩ ይድረቅ» አሉ ጋሼ አንለይ።

አንዱ ትሪ ሲወጣ ሌላው እየገባ፣ ባልና ሚስቱ በረንዳ ላይ ሲበሉ ሰነበቱ። ይታይሽ የመጨረሻውን ትሪ አውጥታ አንዱን በጣቷ ብትጫነው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። መልኩ ፍም ይመስላል። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

የሠርጉ ዕለት የዶሮው ወጥ ሲቀርብ፣ የእድሩ ዳኛ አባ ሙጨ አንድ ጉርሻ ቀምሰው «በዚህ ዝናብ ይህን የመሰለ በርበሬ ከየት ተገኘ?» ብለው ጠየቁ። ይታይሽ የሆነውን ሁሉ በሰው ፊት ተናገረች፤ ከዚያም የእትዬ ጥሩወርቅንና የጋሼ አንለይን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል፣ ሁለቱም ትከሻዋን ይዘው አቀኗት። ይህን ያዩት አባ ሙጨ ለምርቃት እጃቸውን ዘርግተው እንዲህ አሉ፦ «ፀሐይ ቢጠፋ ጎረቤት አይጥፋ።»