ሁለት ዋጋ ያለው መብራት

አንድ ዕድሜውን በእህል መጋዘን ሚዛን አጠገብ የጨረሰ ወንድይራድ የሚባል ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆንያ ሲመዝን ኖሯል። ጤፉ ውስጥ አሸዋ የደባለቀውን፣ በበርበሬ ጆንያ ሥር ድንጋይ የቀበረውን፣ ሚዛኑን በጫማው ጫፍ ረገጥ ያደረገውን ሁሉ አንድ በአንድ ይዟል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው አላታለለውም ይባልለታል። ጡረታ ሲወጣ የመጋዘኑ ሰዎች ካፖርት ሸልመው "ዓይንህን አይንሳህ" ብለው መረቁት። ዓይኑም አልደከመም። የሚመዘን ጆንያ ግን ከእንግዲህ አልነበረውም፤ ስለዚህ ሰዉን መመዘን ጀመረ።

የሚኖርባት ትንሽ ከተማ መብራት የምታገኘው ከአጠገቧ ከሚያልፈው ወንዝ ነበር። ነዋሪው ማኅበር አቋቁሞ፣ ገንዘብ አዋጥቶ ያስተከለው ተርባይን አለ። ተርባይኑ ቀን ቀን ሥራ ፈትቶ ይውላል። ምሽት ላይ ግን ሁሉም ቤት ምድጃውንና ካውያውን በአንድ ጊዜ ስለሚሰካ አቅም ያንሰውና ከተማው በሙሉ ይጨልማል። ትራንስፎርመሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። በመጨረሻ የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ባንትይርጉ ነዋሪውን ሰብስበው አዲስ ደንብ አነበቡ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት የመብራት ዋጋ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። የቀረው ሰዓት እንደ ድሮው ነው። የድሮዎቹ ቆጣሪዎችም ሰዓት በሚለዩ አዳዲስ ቆጣሪዎች ይተካሉ።

ወንድይራድ እጁን አወጣ።

"አንድ ጥያቄ አለኝ። የቀኑና የምሽቱ መብራት ያው አንድ መብራት ነው?"

"ያው ነው" አሉ አቶ ባንትይርጉ።

"ሽቦውስ?"

"ሽቦውም ያው ነው።"

"እንግዲያው እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ለአንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ ሲጠራ የሰማሁትን ነጋዴ ሁሉ ጓዳውን ስፈትሽ ሁለት ሚዛን አግኝቼበታለሁ። አንዱ መግዣ፣ አንዱ መሸጫ። ርካሽ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። እኔ በዚህ አልታለልም!"

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አጨበጨበ። ደንቡ ግን በድምፅ ብልጫ ጸደቀ።

አዲሱን ቆጣሪ ሊተክል የመጣው ይታያል የሚባል የማኅበሩ ቴክኒሻን ነበር። ሥራውን ጨርሶ ስለ ሰዓቶቹ ሊያስረዳ ሲጀምር ወንድይራድ አቋረጠው። "ቆጣሪህን ተክለሃል፤ በቃ። ምክሩን ለሌላው አድርገው" ብሎ በሩን ዘጋ። እንደ ወትሮው ውሃ የሚሞቀውም፣ ምግብ የሚበስለውም፣ ሸሚዝ የሚተኮሰውም ምሽት ላይ ሆነ። ደንቡን ከመጀመሪያው ማታለያ ነው ብሎ ስለደመደመ ሰዓቶቹ ከአእምሮው ጨርሰው ወጡ።

ከአጥሩ ማዶ ዘርትሁን የምትባል ልብስ አጣቢ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ማጠቢያ ማሽንና አንድ ካውያ ገዝታ የጤና ጣቢያውን አንሶላ ማጠብ ጀመረች። ቤቷ የሚተዳደረው በዚያ አንሶላ ነበር።

አንድ ቀን ወንድይራድ የመብራት ሂሳብ መክፈያው መስኮት ላይ ከኋላዋ ተሰለፈ። የእሷ ሂሳብ ሲጠራ ሰማ። ቀጥሎ የእሱ ሲጠራ ጆሮውን ማመን አቃተው። የእሱ የእሷን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ከፍሎ ወጣና ደጃፉ ላይ ቆሞ አሰበ። እሱ ከሚስቱ ጋር ሁለት ሰው ነው። ዘርትሁን ቀን ሙሉ ማሽን ስታስጮህ፣ ካውያ ስትገፋ ነው የምትውለው። ታዲያ እንዴት ሆኖ?

"ከዚህ ጆንያ ሥር ድንጋይ አለ" አለ ለራሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩን ወደ አጥሩ አስጠግቶ መቀመጥ ልማዱ ሆነ። ያየው ሁሉ ጥርጣሬውን አበረታው። ማሽኑ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቀጥ ይላል። አምስት ደቂቃ እንኳ አያሳልፍም። ንጹሕ ሰው እንዲህ ሰዓት የሚጠብቀው ለምንድን ነው? ከሆነ ሰው ጋር ተስማምታ ቢሆን ነው እንጂ! ሲመሽ ደግሞ በቤቷ ከአንዲት ትንሽ አምፖል በቀር የሚበራ ነገር የለም። ይህንንም ድሃ ለመምሰል የምታደርገው ነው አለ። አንድ ማክሰኞ ቀን ግን ሌላውን ሁሉ የሚያስረሳ ነገር አየ። ይታያል ቴክኒሻኑ ከዘርትሁን ግቢ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ። በሩ ላይ ዘወር ብሎ "እግዜር ይስጥልኝ" ሲላት ወንድይራድ በጆሮው ሰማ።

በምሳ ሰዓት ያየውን ለሚስቱ ለአስካለ ነገራት።

"ለምን ገብተህ አትጠይቃትም?" አለችው። "ጎረቤታችን እኮ ናት።"

"አሸዋ የደባለቀ ሰው ሲጠየቅ 'አዎ ደባልቄያለሁ' ይላል?"

"እሷ መቼ እህል አመጣችልህ? በታመምኩ ጊዜ ሾርባ ነው ያመጣችልን።"

ወንድይራድ ሾርባውን አስታወሰ፤ ያኔውኑ ልታዘናጋን ይሆናል ብሎ አሰበ።

ሐሙስ ጠዋት ካፖርቱን ደርቦ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሄደ። አቶ ባንትይርጉ እስኪጨርስ አዳመጡት።

"ቆጣሪው ሲነካካ አይተሃል?"

"አላየሁም።"

"ሽቦ ሲቀጠልስ?"

"እሱንም አላየሁም። ግን ሠላሳ ዓመት—"

"ስለ ሠላሳ ዓመቱ አይደለም የጠየቅሁህ። ደንቡን ታውቃለህ፤ ክስ በጽሑፍ ከቀረበ ፍተሻ እስኪደረግ መስመሩ ይቋረጣል። ፍተሻ ያለው ሰኞ ብቻ ነው። ሴትዮዋ በመብራት የምትተዳደር መሆኗን አስበህ ፈርም።"

"ስሜስ ይወጣል?"

"የከሳሽ ስም አናወጣም።"

ወንድይራድ ጥቂት አመነታ። ከዚያ ብዕሩን አንስቶ ፈረመ።

ከሰዓት በኋላ የዘርትሁን መስመር ተቆረጠ። ወቅቱ ክረምት ነበር። ከሁለት ልጆቿ ጋር አንሶላውን በእጅ ለማጠብ ሞከረች፤ ታጥቦም አልደርቅ አለ። ጤና ጣቢያው ደግሞ የወላዶች አልጋ ያለበት ስለሆነ አራት ቀን መታገሥ አልቻለም። እሑድ ዕለት ኃላፊዋ ራሷ መጥታ፣ ሥራውን በጎረቤት ከተማ ላለ ልብስ ማጠቢያ ቤት ለአንድ ዓመት በውል መስጠታቸውን እያፈረች ነገረቻት።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ዘርትሁን የወንድይራድን በር አንኳኳች። እጇ በሳሙና ብዛት ቆስሏል።

"ጋሼ ወንድይራድ፣ አንድ ሰው መብራት ትሰርቃለች ብሎ ከሶኛል። ነገ ሲፈትሹ አንድ የማምነው ምስክር እንድመርጥ ተፈቅዶልኛል። እርስዎ ሰው ሲያጭበረብር ዝም አይሉም፣ በንጹሕ ሰው ላይም አይመሰክሩም ሲባል ሰምቻለሁ። ይቁሙልኝ።"

ወንድይራድ ትክ ብሎ አያት። መክሰሴን ሰምታ ልትፈትነኝ ነው ወይስ በእውነት አላወቀችም? ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር ፈልጎ አጣ።

"እመጣለሁ" አለ።

ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አቶ ባንትይርጉ፣ ይታያልና ወንድይራድ ከዘርትሁን ጋር በቤቷ ቆጣሪ ሥር ተሰበሰቡ። ለፍተሻው መስመሩ ተቀጠለ። እሽጉ እንደታሰረ ነው። ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ታየ፤ የተቀጠለ ነገር የለም። ወንድይራድ ይህ አላረካውም።

"ሚዛን ልክ መሆኑ የሚታወቀው ክብደቱ የታወቀ ነገር ሲጫንበት ነው" አለና ከቤቱ የራሱን ካውያ ይዞ መጣ። መጀመሪያ በእሱ ቤት ሰክቶ፣ የቆጣሪው ቀይ መብራት በአሥር ደቂቃ ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ቆጠረ። ከዚያ ካውያውን በዘርትሁን ቤት ሰክቶ እንደገና ቆጠረ። እኩል ነው። በድጋሚ ሞከረ። አሁንም እኩል ነው።

ይታያል የሁለቱንም ቆጣሪ ቁልፍ ተጭኖ ቁጥሮቹን አሳያቸው። በአጠቃላይ ዘርትሁን የወንድይራድን እጥፍ ተጠቅማለች፤ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል የቀን ነው። የወንድይራድ ሁሉም ማለት ይቻላል የምሽት ነው።

"ታዲያ ያው አንድ መብራት ሆኖ እንዴት ዋጋው ይለያያል?" አለ ወንድይራድ። ድምፁ ግን እንደ ስብሰባው ቀን አልነበረም።

"ጋሼ፣ መጋዘን ሳሉ ጤፍ በጥርና በነሐሴ አንድ ዋጋ ነበረው?" አለው ይታያል።

"አልነበረውም።"

"ታዲያ ሚዛኑን እየቀየራችሁ ነበር?"

"እንዴት ተደርጎ! ሚዛኑ ያው ነው። በጥር እህሉ ሞልቶ ገዢ ያጣል፤ በነሐሴ ግን ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ—"

ዓይኑን ወደ ቆጣሪው ቁጥሮች መለሰ።

ሆኖም ጥርጣሬ በአንድ ጊዜ አይለቅም። ወንድይራድ ወደ ዘርትሁን ዞረ። "እሺ፤ ማክሰኞ በጋዜጣ ጠቅልለሽ ለዚህ ሰው የሰጠሽው ምንድን ነው?"

"የእናቱን አንሶላ" አለች። "አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመት አልፏቸዋል። ከፍሎኝ ነው የማጥብለት።" ከዚያ ግንባሯን ቋጠር አደረገች። "ስለ ጥቅሉ ለማንም አላወራሁም። እርስዎ ከየት ሰሙ?"

ይታያል መሬት መሬት ያይ ጀመር። ወንድይራድ ሌላ ሰው ላይ የሚያሳብበው ነገር ፈለገ፤ አላገኘም።

"እኔ ነኝ የከሰስኩሽ" አለ።

ዘርትሁን የወንድይራድን ካውያ ከሶኬቱ ነቀለች፣ ገመዱን ጠቀለለችና አቀበለችው።

"አልቀዘቀዘም" አለች። "እንዳያቃጥልዎ።"

ወደ ቤቷም ገባች።

በነጋታው ወንድይራድ ጤና ጣቢያ ድረስ ሄዶ ሴትዮዋ ንጹሕ መሆኗን፣ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ለኃላፊዋ ነገራት። ኃላፊዋም አመነችው። "ግን ውሉ ተፈርሟል፤ ዓመቱ እስኪያልቅ ምንም ማድረግ አልችልም" አለችው። በማኅበሩ ስብሰባ ላይም ተነስቶ፣ አንድ ቀን ደንቡን ያወገዘበት ቦታ ላይ ቆሞ ጥፋቱን ተናገረ። በዚህ ጊዜ የሳቀም ያጨበጨበም አልነበረም። ይቅርታ ሲጠይቃት ዘርትሁን በሰው ፊት ይቅር ብላዋለች። ጠዋት ሲገናኙም እጅ ትነሳዋለች። ነገር ግን የዚያ ዓመት ኑሮ ከብዷት ትልቋ ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ወደ ሥራ ላከቻት። ልጅቷ ቦርሳዋን ትታ በሌላ ሰዓት፣ በሌላ መንገድ ስትወጣ ወንድይራድ በየቀኑ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ያያታል። ሊከፍልላት ጠይቆ ነበር፤ እናቷ አመስግና አልቀበልም አለች።

ወዳጄ ሆይ፣ ይህ ሰው ክፉ አልነበረም። ዓይኑም አላሳሳተውም፤ ያየው ሁሉ የሆነ ነገር ነው። የተሳሳተው ስላየው ነገር ከመጠየቁ በፊት ስለፈረደ ነው። አንድ ቀን አጥሩን አልፎ "እንዴት ነው አንቺ ትንሽ የምትከፍይው?" ቢላት ኖሮ፣ በአንድ ደቂቃ የእሱም ሂሳብ ይቀንስ፣ የእሷም እንጀራ አይቆረጥም ነበር። ያንኑ ጥያቄ ከፈረመ በኋላ ሲጠይቀው የአንዲት ልጅ ትምህርት አስከፈለ። ጥያቄም እንደ መብራቱ ሰዓት አለው፤ በጊዜው ሲጠየቅ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፣ ሰዓቱ ካለፈ ግን ዋጋው አይቀመስም።

አንተስ፣ አንቺስ፣ አሁን በልባችሁ የጠረጠራችሁት ሰው አለ? ጠይቃችሁታል?