የተበየደው አክስል

«አንድ አሮጌ ትራክተር ያለው ገበሬ ነበረ» አሉ መምህር አስረስ፣ ጥያቄው ገና ሳያልቅ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

ጠያቂው የቀድሞ ተማሪያቸው ይርዳው ነበር፤ አሁን የትምህርት ቤቱ አዲስ ርዕሰ መምህር ሆኗል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሞላ በሩን በእጁ ይቆልፋል፣ የዘገየ አይገባም። ትናንት አንዲት ተማሪ ወንዝ ሞልቶባት ዘገየችና የዓመቱ የመጨረሻ ፈተና አመለጣት። ዛሬ ካልተፈተነች ዓመቱ ባከነባት። ይኸው ከማለዳ ጀምሮ በሩ ላይ ቆማለች። «አንድ ጊዜ ከላላሁ ሁሉም ይንቀኛል፤ ካልላላሁ ልጅቷ ትቀራለች። ሰው ጽኑ የሚሆነው እንዴት ነው የኔታ?» ብሎ ነበር የመጣው።

«ስማኝማ» አሉና ቀጠሉ።

ያ ገበሬ በአገሩ ባለ ትራክተር እሱ ብቻ ነበር። እንደ ልጁ ይሳሳለታል። ታዲያ ክረምት ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የፊት አክስሉ ቀጭ ቋ ይል ጀመር። አክስል ማለት ሁለቱን የፊት ጎማዎች ግራና ቀኝ የያዘው ወፍራም ብረት ነው። ይህን ሁሉ ብረት ከትራክተሩ ጋር የምታገናኘው መሃል ላይ ያለች፣ ፒን የሚሏት አንዲት የብረት ችንካር ናት፤ እሷ ተበልታ ነበር። መሪውን ወደ ቀኝ ሲይዘው ትራክተሩ ወደ ግራ ያምረዋል። ትልሙ ተጣመመ፣ አላፊ አግዳሚው «ዛሬ ደግሞ ጠላ ቀምሷል እንዴ?» እያለ ይስቅ ጀመር።

ሳቁንስ ይችለው ነበር። እንቅልፍ የነሳው የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት መሬት ነው። በሬዎቿን በሽታ ሲፈጅባት «ሰው ፊት እንዳትቆሚ፣ እኔ አርስልሻለሁ» ብሎ ምሎላታል። እሷም እሱን አምና በሬ ከማንም አልለመነችም። ዝናቡ ከቀደመ ያ ጥቁር አፈር እግር ይዞ አይለቅም፣ መሬቷም ጦሙን ያድራል።

ገበሬው ትራክተሩን እያንገዳገደ ከተማ ወረደና አንድ ብረት በያጅ ደጅ ላይ ቆመ። «ይኼ አክስል ከእንግዲህ ወዲያ እንዳይነቃነቅብኝ» አለው።

በያጁ ጎንበስ ብሎ አየ። «መቼም ለመወዛወዝ የተሠራ ይመስላል» ቢለው፣ «መወዛወዙ አይደል ያቃጠለኝ? በይደው» አለ። ተበየደ። ከዳር እስከ ዳር፣ ንፋስ እንኳ እንዳያሳልፍ ተደርጎ ተበየደ።

ወይ ደስታ! ሲመለስ በሜዳው መንገድ መሪው አልተንቀጠቀጠ፣ ብረቱ ድምፅ አላሰማ። በጎረቤቱ ደልዳላ መሬት ላይ ማረሻውን ጥሎ ሲሞክረው ትልሙ በገመድ የተለካ መሰለ። ሰው ከየደጁ ወጣ፣ አጨበጨበለት። ገበሬው መቀመጫው ላይ አልረጋ አለ፤ ያለ ምክንያት ጥሩምባ ይነፋል፣ ዞር እያለ ትልሙን ያያል፣ እንደገና ይነፋል። (እዚህ ላይ መምህር አስረስ መሪ የጨበጡ መስለው በአፋቸው ጥሩምባውን ነፉት፤ ይርዳው ሳይወድ ሳቀ።) በዚያው ግለት ሳያርፍ ወደ ሴትዮዋ መሬት ገሰገሰ፤ ሰውም ሊያይ ተከተለው።

የሴትዮዋ መሬት ግን ሜዳ አይደለም። ተዳፋት ነው፣ በድንጋይ እርከን የተከፋፈለ፣ በስተቀኙ ደግሞ ጎርፍ የቦረቦረው ገደል አለ። ግራው የፊት ጎማ የመጀመሪያውን እርከን ወጣ። ድሮ ቢሆን አክስሉ ያዘነብልና ቀኙ ጎማ መሬቱን እንደረገጠ ይቀር ነበር። አሁን የት ሂዶ ያዘንብል? ቀኙ ጎማ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ትራክተሩ እንዳለ ወደ ገደሉ ዘመም አለ። ገበሬው መሪውን ቢያዞር የሚዞረው ባዶ አየር ላይ ነው። ፍሬኑን ረግጦ ደርቆ ቀረ፣ ነፍሱ ልትወጣ ምንም አልቀራት።

ሴትዮዋ አልጮኸችም። ሮጣ መጥታ በላይኛው በኩል ትልቁን የኋላ ጎማ በሸፈነው ቆርቆሮ ላይ በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለች። «ምን ትገተራላችሁ? ኑ ያዙ» ብላ የቆመውን ሰው ጠራች። አምስት ሰው፣ አስር ሰው ተንጠለጠለ። ሌሎቹ ድንጋይ እየተቀባበሉ ከቀኙ ጎማ ሥር ደረደሩ። ትራክተሩ ጸና፣ ገበሬውም ወረደ።

ሴትዮዋ የብየዳውን ጠባሳ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ከበሬዎቿ ሞት ወዲህ ዛፍ ላይ የተሰቀለውን ቀንበር አመለከተችው።

«በበሬ አርሰህ ታውቃለህ?»

«ሃያ ዓመት።»

«ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር በምስማር መትተኸው ታውቃለህ?»

ገበሬው አፉን በእጁ ያዘ። መች መትቶ ያውቃል! ቀንበር ከሞፈሩ ጋር የሚታሰረው መሃሉ ላይ በጠፍር ነው። አንዱ በሬ ጉብታ ሲወጣ ቀንበሩ ያዘነብላል፣ ሌላው በሬ እግሩ መሬት አይለቅም። ጠፍሩ ከላላ ትልሙ ይጣመማል። ብሎ ብሎ ቀንበሩን በምስማር የቸነከረ ደግሞ የበሬዎቹን አንገት ይቀጫል። ሃያ ዓመት በእጁ ሲያስረው የኖረውን ነገር ስፕሪንግ ያለው የትራክተር ወንበር ላይ ሲወጣ ረሳው። አፈረ፣ ወዲያው ደግሞ በራሱ ላይ እስኪያነባ ሳቀ።

ደመናው እየከበደ ነበር። በጥንቃቄ ወደ ኋላ ስበው አወጡት፣ በያጁም ከነመሣሪያው መጥቶ ብየዳውን ቆርጦ ጣለ። ገበሬው የተበላችውን ፒን ይዞ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት በረረ። አዲስ ፒን አስቀረጸ፣ ቀዳዳዋ ውስጥ ጥብቅ ብላ የምትገባ፣ የማትላወስ። ግራሶ ቀብቶ አስገባት። አክስሉን በእግሩ ገፋ ቢያደርገው ዝቅ ከፍ አለ፤ መሃሉ ግን ንቅንቅ የለም። እርከኑን ሲወጣ ጎማዎቹ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ እያሉ መሬቱን ሳይለቁ ሄዱ። ገበሬው ጥሩምባውን እስኪሰለቸው ነፋ። የመጨረሻውን ትልም ሲጨርስ የመጀመሪያው ጠብታ አፍንጫው ላይ አረፈ፤ ሴትዮዋም ዘሯን ይዛ ከኋላው ነበረች።

መምህር አስረስ የያዙትን መሪ ለቀቁና ወደ ይርዳው ዞሩ።

«አንተም ልጄ ፒንህ የተበላች መስሎህ ፈራህና አክስልህን በየድከው። ፒንህ ፈተናው እውነተኛ ይሁን፣ ማንም ቀድሞ አይየው፣ ሁሉም በላቡ ያግኝ የሚለው ነው። እሷን አጥብቅ፤ ለልጅቷም ሌላ ወረቀት አዘጋጅተህ ፈትናት። ተኝቶ የዘገየውን መልሰው፣ ማንም አይጠይቅህም። በሩና ሰዓቱ ግን አክስል ናቸው። የተሠሩት መሬቱን እንዲከተሉ ነው፣ ያንተ ተማሪዎች የሚመጡበት መሬት ደግሞ ወንዝ አለበት። እኔ ዘንድ ተቀምጠህ ስለ ጽናት ትጠይቀኛለህ፤ ልጅቷ እስካሁን ቆማለች፣ ቁልፉም ያንተ ኪስ ውስጥ ነው።»