ውሃ የማያነሳው ብሩሽ

አንድ ጊዜ «ፀጉሬን መልስ!» «የምን ፀጉር?» «የጅራቴን ፀጉር ነዋ!» እየተባባሉ ጅብና ቀበሮ ከአንድ ዋርካ ሥር ይጨቃጨቁ ነበር። ጅብ ጅራቱን ወደ ፊት አዙሮ ይዞታል። ጅራቱ ከሥሩ እስከ ጫፉ ተላጭቶ ያረጀ ገመድ መስሏል።

«ትናንት ከምሳ በኋላ ስተኛ ነበረ፤ ስነሳ የለም» አለ ጅብ።

«ምሳ ምን ነበር የበላኸው?» ሲል ጠየቀው ቀበሮ።

«ግማሽ በሬ።»

«በቃ፣ ከጥጋብ ብዛት ረግፎ ነዋ! ጥጋብ ፀጉር እንደሚያረግፍ አታውቅም?»

ጅብ ትንሽ አሰበ። ነገሩ እውነት መሰለው። ግን ዓይኑ ከቀበሮ ፊት ወደተዘረጋው ምንጣፍ ሄደ። ቀበሮ ብሩሽ ሠሪ ነው። ምንጣፉ ላይ ቀጫጭንና ሹል ብሩሾች ተደርድረዋል፤ ከሁሉም መሐል እንደ መዳፍ የሰፋ አንድ ጠፍጣፋ ብሩሽ በወርቃማ እጀታው ያብረቀርቃል። ፀጉሩ ቡናማ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት።

«ይሄ የኔ ነጠብጣብ ነው!» ብሎ ጮኸ ጅብ።

ቀበሮ እንደተያዘ ሲያውቅ ቶሎ ፊቱን ቀየረ። «አያ ጅቦ፣ ድንገት ላስደስትህ ብዬ እኮ ነው የደበቅሁህ። የንጉሥ አንበሳ ሥዕል በማን ፀጉር ይሣል ተብሎ ጫካው ሁሉ ታሰሰ። ካንተ የሚበልጥ ጠፋ!»

«የንጉሡ ሥዕል? በኔ ፀጉር?» ጅብ ጅራቱን ለቀቀው። «ታዲያ ለምን አልቀሰቀስከኝም? ሌላም ቦታ ፀጉር አለኝ እኮ!»

ይህን ሲባባሉ አህያ እየተጣደፈች መጣች። አህያ ውሃ ስታመላልስ እግረ መንገዷን አረፍ ባለች ቁጥር ድንጋይ ላይ በከሰል ትሥላለች። አንበሳ አንድ ቀን አየና የልጁ ሠርግ ሲደርስ «እኔን በትልቅ ወረቀት ላይ በውሃ ቀለም ሣይኝ፤ ከኋላዬ ሰፊ የጠዋት ሰማይ ይሁን» ብሎ አዘዛት። «ሰማዩ ካማረ ከእንግዲህ ጭነት የሚባል ነገር አትሸከሚም። ከተበላሸ ግን የሠርጉን ውሃና ማገዶ የምታመላልሺው አንቺ ነሽ፤ ከዚያም በኋላ እንደ ድሮሽ።»

አህያ አንበሳውን ሥላ ጨርሳለች። የቀራት ሰማዩ ብቻ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ያ አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላ የለም።

ሰማይ መቀባት ቀላል አይደለም። ስሱ ሰማያዊ ቀለም ሳይደርቅ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ መቀባት አለበት። በቀጭን ብሩሽ ከሆነ አንዱ ጋ ሲደርሱ ሌላው ይደርቅና ሰማዩ እንደታረሰ ማሳ መስመር በመስመር ይሆናል። ስለዚህ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ብዙ ውሃም የሚይዝ ብሩሽ ያስፈልጋታል።

«ጋሼ ቀበሮ፣ እንደምን ዋሉ» አለች፤ ድምፅዋ በጭንቅ ነበር የሚሰማው። «ለሰማይ የሚሆን ጠፍጣፋ ብሩሽ ፈልጌ…»

«ይኸውልሽ!» ቀበሮ ባለወርቃማ እጀታውን አፈፍ አደረገ። «ለውሃ ቀለም ቢሉ ለውሃ ቀለም፣ ለወፍራሙ ቀለም ለአክሪሊክ ቢሉ ለአክሪሊክ። ለሰማይ፣ ለመሬት፣ ላሻሽ ነገር!»

«በዚያ ላይ ፀጉሩ የኔ ነው» አለ ጅብ።

አህያ ብሩሹን በከንፈሯ ነካ አደረገችው። ፀጉሩ በሙጫ ተጣብቆ እንደ እንጨት ደርቋል። ውስጡ ለስላሳ ይሁን ሻካራ አይታወቅም።

«ጋሼ… በውሃ… አንድ ጊዜ ብቻ… ልሞክረው?»

ቀበሮ ደረቱን ያዘ። «በውሃ? የኔ ብሩሽ? አያ ጅቦ፣ ሰማህ? ፀጉርህን ልትፈትነው ነው!»

«ጠረጠርሽኝ?» አለ ጅብ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ብፈለግ፣ ጠረጠርሽኝ?»

የአህያ ጆሮዎች ወደቁ። ማንንም ማስቀየም አትወድም። «አይ፣ እንዲያው ነው፤ ይቅርታ» ብላ ብሩሹን ወሰደች። በምትኩ የቀበሮን ዕቃ እስከ ሠርጉ ቤት እንድትሸከም ተስማሙ። ዕቃው ከተጫነ በኋላ ቀበሮ «እኔም ዕቃ ነኝ» ብሎ ከላይ ወጣ፤ ጅብም በፀጉሩ ሲሣል ለማየት ተከተላቸው።

ከአንበሳው ዋሻ ደጃፍ ሲደርሱ ሽር ጉድ ነበር። ጦጣ ቅጠል ትጎዘጉዛለች፤ ከርከሮ ድንጋይ ያነሳል፤ በሩን ለመቀባት ቀይ አክሪሊክ በጣሳ ቀርቧል። አህያ ወረቀቱን ዘረጋች፤ ሰማያዊውን ቀለም በባልዲ በጠበጠች። ከዚያ የብሩሹን እጀታ በጥርሷ ያዘች። ሁሉም ሥራውን ትቶ ከበባት።

ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ነከረችው። ሙጫው ሟሟና ፀጉሩ እንደተቆጣ ጃርት ተበተነ። ስታወጣው ቀለሙ ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ ጠብ ጠብ ብሎ አለቀ። ሁለት ፀጉሮችም ተከትለው ወረዱ።

አህያ ወረቀቱን አየች። በዚህ ብሩሽ ብትቀባው ይፍቀዋል እንጂ አያለብሰውም። መናገር ደግሞ ያስፈራል። ንጉሡ ፊቷ ቆሟል፣ ጅብ በኩራት ይስቃል፣ ቀበሮ በዓይኑ «ወዮልሽ» ይላታል። ሆኖም ብሩሹን ከአፏ አውጥታ አስቀመጠች።

«ጌታዬ፣ ይሄ ብሩሽ ውሃ አያነሳም።»



«ውሃ የማያነሳው ያንቺ ወሬ ነው!» ብሎ ዘለለ ቀበሮ። «ጌታዬ፣ መሣል ያቃተው ሁሉ ብሩሹን ነው የሚያማው!»

አንበሳ አዛጋ። «አንዷ ብሩሹ ውሃ አያነሳም ትላለች፤ አንዱ ወሬዋ ውሃ አያነሳም ይላል። ባልዲው እዚሁ ቆሞ ምን ያጨቃጭቃል?» ብሎ ብሩሹን በመዳፉ ነከረና ከፍ አደረገው። ሁሉም የቀረውን ጠብታ ቆጠረ።

«ሁለት» አለች ጦጣ።

«አራት» አለ ጅብ፣ ለፀጉሩ አድልቶ።

«ቀበሮ» አለ አንበሳ፣ «ያንተም ነገር ውሃ አላነሳም። አሁን እንግዶቼ ወንዙን እየተሻገሩ ነው። ሰማዬ በምን ሊቀባ ነው?»

«ለስላሳ ፀጉር ከተገኘ…» አለች አህያ። አሁን ድምፅዋ ትንሽ ወጣ ብሏል። «ለስላሳ ፀጉር ውሃ ይጠጣል፤ ሲረጥብም ጫፉ ይሰበሰባል።»

«እንግዲያው ሁላችሁም ጅራታችሁን ባልዲው ውስጥ ንከሩ!»

ተሰለፉ። ጦጣ ነከረች፤ ትንሽ ያዘላት። ከርከሮ ነከረ፤ ጅራቱ እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ ወጣ። አህያ የራሷን ነከረች፤ ምንም። ጅብ «እኔም ልንከር?» አለ፤ የሚመልስለት ሲያጣ የተላጨውን ነከረ። አንበሳ ራሱ የጅራቱን ጫፍ ነክሮ ሲያወጣ አንዲት ጠብታ ብቻ ያዘ። ያን ጊዜ ሁሉም ስለ አየሩ ጠባይ ማውራት ጀመረ።

«ቀበሮስ?» አለች ጦጣ። ቀበሮ ጅራቱ ላይ ተቀምጧል።

«እኔ ጉንፋን ይዞኛል። ውሃ ተከልክያለሁ።»

«ማን ከለከለህ?»

«ሐኪም።»

«እዚህ ጫካ ሐኪም አለ እንዴ?» አለ አንበሳ፣ አንድ እርምጃ ጠጋ ብሎ።

ቀበሮ ነከረ። ሲያወጣው ባልዲው ጎደለ።

«ኧረ ቀለማችንን ጠጣው!» ብላ ጮኸች ጦጣ።

ቀበሮ ስለ ነፋስ፣ ስለ ዕድሜውና ስለ ልጆቹ ብዙ ተናገረ፤ ጦጣ ግን በመቀስ ፀጉሩን ከርክማ ጨርሳ ነበር። የተሰነጠቀ ሸምበቆ መሐል አስገብታ፣ ዳር እስከ ዳር እኩል ዘርግታ በክር አሰረችው። አህያ ብሩሹን መጀመሪያ በንጹህ ውሃ ነክራ አራገፈችው፤ ጫፉ እንደ ቢላ ስለት ቀጥ አለ። አንድም ፀጉር አልወደቀም። ከዚያ ቀለሙን አነሳችና ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እርጥቡ እርጥቡን እየተቀበለ ወረደች። ስትጨርስ ሰማዩ ላይ አንዲት መስመር አልነበረችም።

ጅብ ግን ጥግ ላይ ያለቅሳል። «የኔስ ፀጉር? ይጣል?»

«ለምን ይጣላል፣ አያ ጅቦ?» አለች አህያ። «አክሪሊክ ወፍራም ነው። ለስላሳ ፀጉር ይተኛበታል እንጂ አይገፋውም። ለበሩ እንዳንተ ያለ ደረቅ ያስፈልጋል።»

ጅብ ደረቅ ሲሉት እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። የተበተነውን ፀጉር ጦጣ በክር ጠበቅ አድርጋ አሰረችለትና በሩን ራሱ መቀባት ጀመረ።

«እንደጨረስክ ብሩሹን ቶሎ እጠበው» አለችው አህያ። «ቀለሙ ከደረቀበት ድንጋይ ይሆናል።»

«እሺ። ቀለሙ ይበላል?»

«አይበላም።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም!»

እንግዶቹ ሲደርሱ በሩ ቀልቷል፣ ሥዕሉም ተሰቅሏል። አንበሳ ከፊቱ ቆሞ አንገቱን ወደዚህም ወደዚያም አዘነበለ። ሰማዩን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ከርከሮ ዞሮ «የጭነቱን ገመድ ፍታላት» አለ። ገመዱ ከአህያ ወገብ ላይ ወረደ። አህያ ጀርባዋን አራገፈች፤ ቀልሏት ነበር።

ቀበሮ በበኩሉ ከሥዕሉ አጠገብ ምንጣፉን ዘርግቶ ነበር፤ ይህን ያህል እንግዳ በየቀኑ አይገኝም። እውነትም ብዙም ሳይቆይ ሚዳቋ፣ ጥንቸልና ሁለት ዝንጀሮዎች መጡ። ሁሉም ለመሞከሪያ በቅል ውሃ ይዘዋል።

«ጋሼ ቀበሮ» አለች ሚዳቋ፣ «ያ ሰማይ የተቀባበት ዓይነት ብሩሽ አለ?»

«ለኔም አንድ፤ ሰፋ ያለ» አለች ጥንቸል።

«ለኛ ሁለት» አሉ ዝንጀሮዎቹ፣ «ፀጉሩ ከየት ነው የሚመጣው ግን?»

ጦጣ ከሩቅ በጣቷ አሳየቻቸው። አራቱም ቅላቸውን እንደያዙ ቀስ ብለው በቀበሮ ኋላ ዞሩ።

ቀበሮ ዞር ብሎ ጅራቱን አየ። የቀረችው ጫፉ ላይ ያለች አንዲት ነጭ እፍኝ ፀጉር ብቻ ናት። ምንጣፉን ጠቀለለ፣ በአፉ ያዘው፣ እፍኟን በእግሮቹ መሐል ሸጎጠና ቁልቁለቱን ወረደ።

ከዚህ የምንማረው ብሩሽም ሆነ ወሬ ከመቀበላችን በፊት ውሃ ማንሳቱን ለመጠየቅ ማፈር እንደሌለብን ነው።