ፊታውራሪውና ሞራ ቀቢው መንገደኛ

ፊታውራሪ ወሰንየለህ እሳቸው በበቅሎ፣ ተከታዮቻቸው በእግር ሆነው የአምስት ቀን መንገድ ጀመሩ። ከተከታዮቹ አንዱ አፈኛ ገበሬ ነበር። እግሩ በጫማው ውስጥ መሞቅና መፋተግ ሲጀምር ሳይቆስል በፊት ቁጭ ይልና፣ አሸዋውን አራግፎ፣ ተረከዙንና ጣቶቹን ሞራ ቀብቶ ይነሳል።

ፊታውራሪው ይህን አይተው ተቆጡ።

«እግር ነው ወይስ ሙሽራ ይዘህ የምትጓዘው? እኔ ይኸው ሁለት ቀን ሙሉ ስሄድ መች እግሬን አመመኝ?» አሉና ሞራውን ቀምተው የበቅሏቸውን ኮርቻ አስወለወሉበት።

ገበሬው ያለ ሞራ ሲሄድ ውሎ ሁለቱም ተረከዞቹ አበጡ። በማግስቱ በረሃ መሃል የፊታውራሪው ውሃ አለቀ። ጥሙ ሲጠናባቸው ሰዉን ሁሉ አሰለፉ።

«ውሃ ያለው ሁሉ አሁኑኑ ያውጣ! የደበቀኝ አርባ ጅራፍ ይቀምሳል!»

ሰው ሁሉ ባዶ ቅሉን እየገለበጠ አሳየ። ገበሬው ግን እያነከሰ ወጣና ከፊታቸው ተቀምጦ ጫማዎቹን አወለቀ።

«ጌታዬ፣ ከምገረፍስ ልናዘዝ» አለ። «ሞራዬን ከወሰዱብኝ ወዲህ ሁለቱም እግሮቼ ውሃ ቋጥረዋል። ከቀኙ ልቅዳልዎ ወይስ ከግራው?»

የፊታውራሪው ጥም ወዲያው ተቆረጠ።